ቅመሙ ውስጥ መድኃኒት ካለ፣ ቅመሙን ብንወስደውስ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የባሕር ዳር ልጅ ናት። እናቷ የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው ኬሞ ጀምረዋል፤ «ቀዩ ፈሳሽ» የሚሉት ያለበትን መድኃኒት ሁለት ዙር ወስደዋል፤ ማቅለሽለሹና ድካሙ ግን በርትቶባቸዋል። ጎረቤት ጥቁር አዝሙድ ፈጭቶ በማር ለውሶ፣ እርድ ከቁንዶ በርበሬ ጋር በሞቀ ወተት በጥብጦ ያመጣላቸዋል። ፋርማሲ የሚማረው ታናሽ ወንድሟ ደግሞ በኮምፒውተር ሠርቶ፣ የእርዱ ንጥረ ነገር የካንሰሩን ፕሮቲን ከታወቀ መድኃኒት በላይ አጥብቆ እንደሚይዝ በቁጥር አሳይቷቸዋል። እናቷ አሁን ሦስተኛውን ዙር ትተው በቅመሙ ብቻ መቀጠል ይፈልጋሉ። «ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ከቅመም የካንሰር መድኃኒት የሚፈልጉ ከሆነ፣ እኛ ቅመሙን በቀጥታ ብንወስደው ምን ይጎድለዋል?» ትላለች።

እህቴ፣ አስቸኳዩን ላስቀድም። እናትሽ ሦስተኛውን ዙር አይተዉ፤ በቀጠሯቸው ቀን ይሂዱ። በወተት እየተበጠበጠ የሚመጣውን እርድና ቁንዶ በርበሬ ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙት፤ የጥቁር አዝሙዱንም ለውስ እንዲሁ፣ ቢያንስ ለሚያክማቸው ሐኪም እስኪነገር ድረስ። አልጫ ውስጥ የሚገባው እርድ፣ ንጥር ቅቤ ውስጥ ያለው ኮረሪማና ኮሰረት ግን ምንም አላጠፋም፤ እንደ ወትሯቸው ይብሉ። ምክንያቱ ረዘም ይላል። ጥያቄሽ ከጭንቀት የመጣ ቢሆንም በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነውና ሙሉ መልስ ይገባዋል። ከተክል ውስጥ ውህድ እያወጡ መፈተሽ ሙያዬ ነው፤ ይህንኑ ነገር ቅዳሜ ገበያ ቅመም ከሚሸጡ እናቶች እስከ ተማሪዎቼ ድረስ ብዙ ሰው ጠይቆኛል።

በአንድ ነገር እንስማማ፤ የተፈጥሮ ነገር ካንሰርን አያክምም የሚል ካለ ተሳስቷል። እናትሽ ክንድ ላይ ጠብ ጠብ እያለ የሚገባው ቀይ ፈሳሽ ዶክሶሩቢሲን ይባላል። ቅላቱ የሞለኪውሉ የራሱ ቀለም ነው፤ ምንጩም በጣሊያን አፈር ውስጥ የተገኘ ባክቴሪያ ነው። ከእሱ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ፓክሊታክስል ደግሞ ፓሲፊክ ዩው ከሚባል የአሜሪካ ዛፍ ቅርፊት ወጣ። ቅርፊቱ የተሰበሰበው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ዎልና ዋኒ የተባሉ ኬሚስቶች የሞለኪውሉን ቅርጽ ያሳወቁት በ1971፣ ሱዛን ሆርዊትዝ ሴሉን በምን መንገድ እንደሚገድል ያሳዩት በ1979፣ ለሕሙማን የተፈቀደው በ1992 ነው። ሠላሳ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በሞቃት አገር በየግቢው ለአበባነት ከሚተከለው የማዳጋስካር ፔሪዊንክልም ቪንክሪስቲን ተገኝቷል፤ ዛሬ የደም ካንሰር ያለባቸው ሕፃናት በእሱ ይታከማሉ። እናትሽ «ኬሚካሉን ትቼ ተፈጥሯዊውን ልያዝ» ካሉ፣ ቀዩ ፈሳሽም ከአፈር የተገኘ የተፈጥሮ ነገር መሆኑን ንገሪያቸው።

አሁን ግን አንድ ነገር አስተውዪ። ከእነዚህ አንዱም ከወጥ ቤት አልመጣም። ዩው መርዛማ ዛፍ ነው፤ ፔሪዊንክልን ማንም ለወጥ አይቀጥፈውም። ኮሶን አስቢ። አያቶቻችን ለትል ሲጠጡት አፍንጫቸውን ይዘው፣ መጠኑን በሚያውቅ ሰው እጅ፣ ሆዳቸውን አዘጋጅተው ነበር፤ ሲበዛ ሰው እንደሚጎዳ ያውቃሉና። ኮሶን ድስት ውስጥ የጨመረች ሴት ግን ታሪክ አያውቅም። ኮረሪማውን፣ እርዱን፣ አብሹን፣ ነጭ አዝሙዱን ድስት ውስጥ የጨመርነው ሕፃኑም ነፍሰ ጡሯም ሽማግሌውም ለዘመናት በልተውት ምንም ስላልሆኑ ነው። ወጥ ቤታችን ገራገሩን መርጦ አስገብቷል፤ ኃይለኛውን ከደጅ መልሷል። የካንሰር ሴል ግን ባዕድ ትል አይደለም፤ ከራሳችን ሥጋ የወጣ፣ የራሳችንን አሠራር የያዘ ሴል ነው። እሱን ለመግደል የሚበቃ ነገር እኛንም መንካቱ አይቀርም። በልተነው ምንም የማያደርገን ነገር፣ ከእኛ ሴል ብዙም የማይለየውን ካንሰር መርጦ ያጠፋዋል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። በጉዳዩ ላይ ከማምነው ነገር ሁሉ ዋናው ይህ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ማስረጃው ነው።

የአጣጥን ነገር ላጫውትሽ፤ የእኛው አገር ታሪክ ሆኖ ሳለ የሚያውቀው ጥቂት ነው። አጣጥ በየቤተ ክርስቲያኑ ደን ዳርቻ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ከዚሁ ወገን የሆነ አንድ ተክል ከኢትዮጵያ ተሰብስቦ አሜሪካ ደረሰ፤ ሞሪስ ኩፕቻን የተባሉ ኬሚስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ሜይታንሲን የሚባል ውህድ እንዳገኙበት አሳወቁ። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል የተገኘው ከአንድ ሚሊግራም በታች ነበር። ይህች ኢምንት ነገር ሴል በመግደል ከቪንክሪስቲን ከመቶ እጥፍ በላይ ትበረታ ነበር። ለሕሙማን ተሞከረች፤ ነርቭ ጎዳች፣ አንጀት አስጨነቀች፣ ካንሰሩን ግን የተጠበቀውን ያህል አልቀነሰችም። ተተወች።

ታሪኩ በዚያ አላበቃም። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ሞለኪውሉን ጥቂት ለውጠው፣ ኸር-2 የሚባለውን የአንዳንድ የጡት ካንሰር ሴሎች ምልክት ፈልጎ ከሚይዝ አንቲቦዲ ከሚባል ፕሮቲን ጋር አሰሩት። መርዙ ታስሮ ይጓዛል፤ የሚፈታው በአመዛኙ ካንሰሩ ሴል ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን የተባለው ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከግኝቱ 41 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው መነሻ ውህድ አሁን ከቁጥቋጦ አይቆረጥም፤ ባክቴሪያ በማብላያ ጋን ውስጥ ያመርተዋል። አጣጥ ቀቅሎ የጠጣ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚያገኘው ምንድን ነው? መጠኑ የማይታወቅ፣ ያልታሰረ፣ ወዴት እንደሚሄድ የማይታወቅ ነገር። አንቺ «ምን ይጎድለዋል?» ብለሽ ለጠየቅሽው ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም፤ የጎደለው የ41 ዓመቱ ሥራ ነው።

ወደ እርዱ ልምጣ፤ በቁጥር እናስላው። የእርድ ቢጫ ቀለም ኩርኩሚን ይባላል። በደረቅ የእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው በአማካይ ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ሦስት ግራም ይሆናል እንበል፤ ኩርኩሚኑ ከመቶ ሚሊግራም በታች ነው ማለት ነው። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የካንሰር ሴልን ለመግደል ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ከ10 እስከ 30 ማይክሮሞላር ነው፤ ማይክሮሞላር ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል ውህድ እንዳለ የሚለካበት ነው። ታይዋን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ሙከራ ሰዎች በቀን 8 ግራም ንጹሕ ኩርኩሚን ወስደው ደማቸው ሲለካ፣ ጣሪያው በአማካይ 1.77 ማይክሮሞላር ብቻ ነበር። ስምንት ግራም ንጹሕ ኩርኩሚን ለማግኘት ወደ 270 ግራም እርድ ያስፈልጋል፤ ከሩብ ኪሎ በላይ፣ በየቀኑ። ያንን የሚችል ሆድ ቢገኝ እንኳ ደሙ ውስጥ የሚገኘው ከሚፈለገው አንድ አምስተኛ አይሞላም፤ እብጠቱ ውስጥ የሚደርሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። ኩርኩሚን አንጀት ላይ በደንብ አይሰርግም፤ የሰረገውን ጉበት ቶሎ ለውጦ ያስወጣዋል። በሰውነት ሙቀት፣ የአሲድነቱ ልክ እንደ ደም በሆነ ውሃ ውስጥ ደግሞ በግማሽ ሰዓት አብዛኛው ይፈራርሳል።

በሂዩስተን የቆሽት ካንሰር ያለባቸው ሕሙማን ይህንኑ 8 ግራም በቀን ወስደዋል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። ሊገመገሙ ከቻሉት 21 ሰዎች የሆነ ለውጥ የታየው በሁለቱ ነው። ይህን «ምንም አይደለም» ብዬ አልጥለውም፤ ሁለት ሰው ሁለት ሰው ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ካትሪን ኔልሰንና ባልደረቦቿ በኩርኩሚን ላይ በሰው የተደረጉትን ከ120 በላይ ሙከራዎች መርምረው፣ ሐኪሙም ታማሚውም ማን ምን እንደወሰደ ሳያውቁ ከማስመሰያ ክኒን ጋር ከተነጻጸሩት መካከል የተሳካ አንድም አላገኙም። ይህን ሳነብ አዝኛለሁ። እርድን ብዙ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ።

ስለ ወንድምሽ ሥራ። አትቆጡት፤ የሠራው ነገር ዶኪንግ ይባላል፣ መድኃኒት ፍለጋ ሲጀመር ዛሬ ሁሉም የሚሠራው ነው። ኮምፒውተሩ የፕሮቲኑን ቅርጽ እንደ ጓጉንቸር፣ ሞለኪውሉን እንደ ቁልፍ ይወስድና የትኛው ቁልፍ እንደሚገጥም ይገምታል። ጥቅሙ ከሺህ ቁልፍ መቶውን ቶሎ መለየት ነው። ወንድምሽ ያሳያችሁ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር፣ ምናልባት ስምንት ወይም ዘጠኝ ኪሎ ካሎሪ የሚል፣ የግምት ነጥብ እንጂ የተለካ ኃይል አይደለም፤ በሁለት ኪሎ ካሎሪ መሳሳት የተለመደ ነው፤ በመድኃኒቱና በእርዱ መካከል ያገኘው ልዩነት ከዚያ በታች ከሆነ ማን እንደበለጠ አይታወቅም። ረዘም ያለና የሚተጣጠፍ ሞለኪውል ብዙ ቦታ ስለሚነካ ብቻ ነጥቡ ይጨምራል፤ ኩርኩሚን እንዲህ ያለ ነው። በላቦራቶሪም ኩርኩሚን ከብዙ ፕሮቲን ጋር እንደነካካ የሚጣበቅ፣ ራሱ የሚያበራና ፈተናውን የሚያሳስት በመሆኑ የመድኃኒት ኬሚስቶች በጥርጣሬ የሚያዩት ውህድ ነው። ከሁሉም በላይ ኮምፒውተሩ ስለ አንጀት አያውቅም፤ ስለ ጉበት አያውቅም፤ ሞለኪውሉ ቀድሞ መፈራረሱን አያውቅም። ቁልፉ ይገጥማል እንበል፤ በሩ ዘንድ ካልደረሰ ምን ይጠቅማል?

ለእሱ አንድ የሙያ ምክር አለኝ። ፕሮቲኑ ውስጥ ተይዞ የተገኘውን የራሱን ሞለኪውል አውጥቶ መልሶ ያስገባው፤ ኮምፒውተሩ ቀድሞ የነበረበት ቦታ ላይ ካልመለሰው የሌላውም ውጤት አይታመንም። ከዚያ እንደማይሠሩ የታወቁ መቶ ሞለኪውሎችን ይሞክር፤ እነሱም ጥሩ ነጥብ ካገኙ የእርዱም ነጥብ እንደማይታመን ያውቃል። ቀጥሎ ከኮምፒውተሩ ወደ ላቦራቶሪ ይውጣ። ከአካባቢው ተክል ጋር መሥራት ከፈለገም የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አስቀድሞ ያንብብ፤ አጣጣችን እንዴት እንደሄደ አይተናል።

ላቦራቶሪውም ቢሆን ያታልላል፤ ይህን ከራሴ ልንገርሽ። ወጣት ሳለሁ ከቅዳሜ ገበያ ጥቁር አዝሙድ ገዝቼ፣ ፈጭቼ፣ ዘይቱን አውጥቼ በጡት ካንሰር ሴል ላይ ሞከርኩት። በፈተናው ቢጫ ቀለም ይጨመራል፤ በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ወደ ወይን ጠጅ ይለውጠዋል፤ የሞተ አይለውጠውም። በማግስቱ ሳህኖቹን ሳይ ቢጫ እንደሆኑ ቀርተው ነበር። ሴሎቹ ሞተዋል። ሁለት ሳምንት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ አጎቴ በጉበት ካንሰር ከሞተ ገና ዓመቱ ነበር። መምህሬ ውጤቱን አይተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ዘይቱን ያሟሟህበት ፈሳሽ ብቻውን ምን አደረገ?» አልሞከርኩትም ነበር። ስሞክረው ማሟሟያው ብቻውን፣ በተጠቀምኩት መጠን፣ ሴሎቹን ገደላቸው። መጠኑን ቀንሼ ስደግመው ዘይቱ አሁንም የተወሰነ ኃይል ነበረው፤ ግን ጤነኛውንም ሴል በተመሳሳይ መጠን ይገድላል። ሳህን ላይ ሴል የማይገድል ነገር ጥቂት ነው፤ ጨውም ኮምጣጤም ይገድላል። ካንሰሩን ገድሎ ጤነኛውን የሚተው መጠን አለ ወይ የሚለው ነው ፍለጋው፤ እሱን የሚያልፍ በጣም ጥቂት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1982 ከ35,000 ያህል የተክል ናሙናዎች የወጡ 114,000 ገደማ ጭማቂዎችን ፈትኗል፤ ለሕሙማን የበቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

የጥቁር አዝሙዱ ዋና ውህድ ታይሞኪኖን ይባላል፤ ትንሽ፣ በቀላሉ የሚተንና ብርሃን የሚያበላሸው ሞለኪውል ነው። በሳህንና በአይጥ ላይ ብዙ ተጽፎለታል። የጡት ካንሰርን በሰው ላይ እንደሚያድን ያሳየ ሙከራ ግን የለም። ከዚህ በላይ በእሱ ላይ ጊዜሽን አልወስድም።

የሚያስጨንቀኝ ቁንዶ በርበሬው ነው። ጎረቤታችሁ እርዱን ከቁንዶ በርበሬ ጋር የሚበጠብጡት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ሙከራ፣ የቁንዶ በርበሬ ውህድ የሆነው ፒፐሪን 20 ሚሊግራም ከ2 ግራም ኩርኩሚን ጋር ሲሰጥ ወደ ደም የሚገባው ኩርኩሚን 20 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ በዓለም ሁሉ ይህ ምክር ሆነ። ፒፐሪን ይህን የሚያደርገው ግን አንጀትና ጉበት ላይ ያሉትን ዘበኞች በማስተኛት ነው፤ ባዕድ ነገርን የሚፈጩ ኢንዛይሞችንና ወደ ውጭ የሚመልሱ በሮችን። እነዚህ ዘበኞች ፓክሊታክስልንና ዶክሶሩቢሲንንም የሚያስተናግዱ ናቸው። የኬሞ መጠን የሚሰላው በታማሚው ቁመትና ክብደት፣ ዘበኞቹ እንደ ወትሮው ይሠራሉ ተብሎ ነው። ዘበኛው ከተኛ መድኃኒቱ ከታሰበው በላይ ደም ውስጥ ሊቆይና ልብን፣ ነርቭን፣ መቅኒን ሊጎዳ ይችላል። ሚጥሚጣና ቁንዶ በርበሬ ወጥ ላይ መነስነስና በየቀኑ ማንኪያ ሙሉ መጠጣት አንድ አይደለም።

ተቃራኒውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ኩርኩሚን ዶክሶሩቢሲን በሳህን ላይ የጡት ካንሰር ሴልን እንዳይገድል ሲከላከል፣ በአይጥ ላይም የሳይክሎፎስፋማይድን ሥራ ሲቀንስ አሳይቷል። ሳይክሎፎስፋማይድ ከቀዩ ጋር አብሮ የሚሰጠው ነው፤ ምናልባት እናትሽም እየወሰዱት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በኔዘርላንድስ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን በሚወስዱ የጡት ካንሰር ሕሙማን ላይ ኩርኩሚንና ፒፐሪን አብረው ሲጨመሩ፣ በደም ውስጥ ያለው የታሞክሲፈን ሠሪ ክፍል ከመቶ አሥራ ሁለት እጅ ገደማ ቀነሰ። እናትሽ ከኬሞው በኋላ ይህን ክኒን ለዓመታት ሊታዘዙ ይችላሉ፤ ያኔም ይህን አስታውሺ። በክኒን መልክ የሚሸጥ እርድ የጉበት ጉዳት ያደረሰባቸው ሰዎችም በአሜሪካ ተመዝግበዋል።

ከገበያ ስለምትገዙት እርድ አንድ ቃል ልጨምር። ባንግላዴሽ ውስጥ እርዱ ቢጫነቱ እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ቀለም ይደባለቅበት እንደነበር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 አጋልጠዋል። የእኛው እርድ በአብዛኛው ከቴፒ አካባቢ የሚመጣ ነው፤ ቢሆንም ተፈጭቶ የመጣውን ትተሽ ደረቁን ሥር ገዝተሽ በቤት ውቀጪው። በርበሬውንም እርጥበት ከያዘው ጓዳ አውጡት። በአገራችን በርበሬና ሽሮ ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ተገኝቷል፤ ይህ መርዝ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ ጥርጥር የለውም። ቅመምና ካንሰር የሚለው ነገር ከተነሣ፣ በክረምት የጣና ጭጋግ ባሕር ዳርን ሲያለብሳት በየቤቱ የሚሻግተው በርበሬ ከወተቱ እርድ ይልቅ እንቅልፍ ይነሣኛል።

«በዘጌና በደሴቶቹ ገዳማት ያሉ የመድኃኒት መጻሕፍት ለነቀርሳ የሚሆን ተክል ጽፈዋል» የሚል ሰው እንደሚያጋጥምሽ አውቃለሁ። ጽፈዋል፤ እኔም አከብራቸዋለሁ፤ ፍለጋ ከየት ይጀመር ሲባል ጥሩ መነሻ ናቸው። ግን ነቀርሳ የሚለው ቃል ሰፊ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢ ማለታችን ነው፤ የማይድን ቁስልም፣ የአንገት እጢም፣ የሚያብጥ ነገርም ነቀርሳ ተብሏል። አንድ አዋቂ በቅጠል ያዳኑት ነቀርሳ የቁስል መመርቀዝ ሊሆን ይችላል፤ እናትሽ ያላቸው ግን ናሙናው ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ የታየ ነው።

ታዲያ ከቅመም የሚገኝ ምንም የለም ወይ? አለ። ሚጥሚጣን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በላቦራቶሪ ተሠርቶ፣ ከመቶ ስምንት እጅ ሆኖ በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ጨርቅ እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ለነርቭ ሕመም ተፈቅዷል። ካንሰርን ባይሆንም ስቃይን ይቀንሳል። ኬሚስቶችም የኩርኩሚንን አጥንት ይዘው፣ የሚፈራርሰውን ክፍል እየቀየሩ አዲስ ሞለኪውል እየሠሩ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ አንድ ቀን ይሳካ ይሆናል። ያኔ ግን የሚሳካው እርድ አይሆንም፤ ከእርድ የተወለደ ሌላ ነገር ይሆናል።

ለእናትሽ ዛሬ የሚጠቅመው ዝንጅብል ነው። በኬሞ ምክንያት በሚያቅለሸልሻቸው 576 ሕሙማን ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ትልቅ ሙከራ፣ ከተለመደው የማስታወክ መከላከያ መድኃኒት ጋር በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ግራም ዝንጅብል የወሰዱት ማቅለሽለሻቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህ ሩብ የሻይ ማንኪያ ያህል ደረቅ ዱቄት ነው፤ በደንብ ፈልቶ በሻይ ይጠጡት። ዝንጅብልም ሲበዛ ደም ለማርጋት እንቅፋት ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራቸውን ያየው ሐኪም «ይሁን» ይበል። ማቅለሽለሹ ከብዷቸው ሕክምናውን ለመተው ከደረሱ፣ ይህንኑ በግልጽ ለሐኪሙ ተናገሩ። የማስታወክ መከላከያ መድኃኒት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ይቀየራል፣ ይጨመራል። ብዙ እናቶች ሐኪሙን ላለማስቸገር ዝም ብለው ይመለሱና ቤት ገብተው ሕክምናውን ይተዋሉ፤ የእናትሽ እንዲህ እንዳይሆን አንቺ አብረሻቸው ግቢ። የሚወስዱትን ሁሉ፣ ማሩንም ዱቄቱንም፣ በዕቃው ይዘሽ አሳዪ። ጾም ላይ ከሆኑም የነፍስ አባታቸውን አነጋግሪ፤ አሁን እንቁላሉም ወተቱም ያስፈልጋቸዋል፤ ወተቱ ግን ያለ እርዱ።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሪ። ከኬሞው በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ነጭ የደም ሴላቸው ይወርዳል። ቴርሞሜትር ግዙ። 38 ዲግሪ ካሳየ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓትም ቢሆን፣ ባጃጅ ጠርታችሁ ሆስፒታል ውሰዷቸው፤ ነጭ ሽንኩርት በማር ተብሎ እስኪነጋ አይጠበቅም።